የግንበኛው ሊጥ

«ኧረ እጅህን አንሳልኝ! ሊጥ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም!»

እንዲህ ነበር ያለችው፤ ወይም ይህን የመሰለ ነገር። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያን ዕለት ጭንቅላቴን ኦቭናቸው ውስጥ ከትቼ የላላ የበር ማጠፊያ አጠብቅ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ከኋላዬ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቅ ልበለው እንጂ ጨዋታ ነው። እሱ «በደንብ ካልታሸ መች ይይዛል?» ያለ ይመስለኛል። እሷ ሳቀችበት። «የአንተ ግድግዳ ይያዝ! የእኔ ሊጥ አንዴ ከተያያዘ በቃው፤ ብዙ ከነካካኸው ይኮሳተራል» አለች። ይኮሳተራል ይሁን ይቀየማል፣ ከሁለቱ አንዱን ነው። ቀጥላም ስለ ማሳረፍ አንድ ነገር ተናገረች፤ ካቻቢቴዬ ከእጄ አምልጦ ትሪው ላይ ሲንቃጨል ግን «ሰሃን» ከሚል ቃል በቀር የሰማሁት የለም። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ ኦቭን ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ።

ምድጃ ጠጋኝ ነኝ። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን እየገጠምኩ ለመድኩት። በዚህ ሥራ የሚኖር ሰው ሳይፈልግ ብዙ ይሰማል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚሠራን ሰው የቤቱ ባለቤቶች ቶሎ ይረሱታል፤ አጠገቡ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያለቅሳሉ። የሰማሁትን በጸሎቴ ለፈጣሪ አደርሳለሁ እንጂ ከሰው ጆሮ አላደርስም። ይህን የምጽፈው ግንበኛው ራሱ «ጻፈው፤ ምናልባት ሌላ አባት ያነበዋል» ስላለኝ ነው።

ግንበኛውን ሠፈሩ ሁሉ ቱምቢ ነው የሚለው። ቱምቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ሰውየውም ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ስሙ ተጣበቀበት። ያወጣችለት ሚስቱ ናት ይባላል። እጁን ያየ ሰው ግን «አካፋ» ሳይሉት መቅረታቸው ይገርመዋል።

ሚስቱ ከታመመች በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሆስፒታል ገባች፣ ወጣች፣ ተመልሳ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣችም። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ልጃቸው ሚጢ ግን አልነበረችም። ያን ሰሞን አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ቤቷ ወስዳ አቆየቻት። ስትመለስ «እማዬስ?» አለች። አባቷም «ሕክምና ላይ ናት። ሩቅ ሆስፒታል ወስደዋታል፤ ልጅ አያስገቡም» አላት።

ለጥቂት ቀን ብሎ የጀመረው ነገር ነው። ቀኑ አለፈ፤ እውነቱ ግን ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ፈተናዋን ትጨርስ አለ፤ ጨረሰች። ጉንፋኑ ይልቀቃት አለ፤ ለቀቃት። የሕንፃው ነዋሪም፣ አስተማሪዋም፣ እኔም አፋችንን እንድንይዝ ተለምነን ያዝን። የማትለመን አንዲት ሰው ብትኖር አክስቷ ናት። በመጣች ቁጥር ኮሪደር ላይ ይዛው «መቼ ነው የምትነግራት? ከአንተ አፍ ካልሰማችው ከመንገድ ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ አንተንም አታምንህም» ትለዋለች። እሱም «እኔ አባቷ ነኝ እትዬ፤ ጊዜውን እኔ አውቃለሁ» ይላል። ጊዜው ግን አይመጣም።

በዚህ ላይ ፒዛው ተጨመረ። እናትየው ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መዳፍ የምታክል ትንንሽ ፒዛ ትጋግርላት ነበር፤ አንዳንዴም ካልዞኔ፣ ማለትም መሙያው ውስጡ ሆኖ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ የሚዘጋውን። እርሾ የለው፣ ማደር የለው፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ እጇን እስክትታጠብ ይደርሳል። ሚጢ እናቷ ከሄደች ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት። አንድ ቀን «የእማዬን ፒዛ ነው የምፈልገው» ብላ አፏን ስትዘጋ አባትየው መላው ጠፋውና «ትልክልሻለች» አላት። ካለ አይቀር ደግሞ መሥራት ነበረበት።

እኔ ጋ የመጣው አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሱቄ ከሕንፃቸው ማዶ ናት።

«ወንድምዓለም፣ ና እስቲ ያንን ኦቭን እየው። ገድሎኛል።»

«ምን ሆነ?»

«ድንጋይ ነው የሚያወጣው።»

ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኩት። ማድ ቤቱ እንደማውቀው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤቱን ሕንፃ ደረጃ ያያል። ሲሚንቶ የደረቀበት የሥራ ጫማው በር ሥር ተቀምጧል። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እስከ ገደፉ በሰሃንና በብርጭቆ ተሞልቷል፤ ከላይ አንድ መጥበሻ ልትወድቅ ዳር ላይ ቆማለች። ከተቀመጠች ወዲህ ማንም የነካት አይመስልም።

ኦቭኑን ፈታሁት። ሽቦው ይቀላል፤ በሩ ይገጥማል፤ የሙቀት መለኪያዬን ውስጡ አስቀምጬ ጠበቅኩ፤ ልክ ነው።

«ጤነኛ ነው» አልኩት።

«ደህና አድርገህ እየው እንጂ።»

«አየሁት። ከአንተም ከእኔም ይሻላል።»

ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አንድ ክብ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ቋ! አለ። ቺዙና የቲማቲም ሳልሳው ላዩ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት።

«ይህን ጣሪያ ላይ ብታደርገው ውሃ አያስገባም።»

«አትቀልድ ባክህ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ጫፉን ገመጠችና አስቀመጠችው። ‹አባዬ፣ እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ?› አለችኝ። ‹ለምን ልጄ?› ስላት ‹ታዲያ ፒዛዬ ለምን ጠነከረ?› አለችኝ። ከዚያ ደግሞ አሰብ አደረገችና ‹ወይስ እጇን አሟታል?› አለችኝ።»

ደረቁን ፒዛ አንስቼ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት።

«አንድ ቀን ብቻ ይለስልስልኝ» አለ። «እናቷ እንዳልተቀየመቻት ትወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በልቤ አምላኬን ጠየቅኩት። ኦቭን ጠግን ብሎ የጠራኝ ሰው ሌላ ነገር ጠግን እያለኝ ነው፤ የሚጠገነው ነገር ደግሞ ውሸት ነው። ፒዛው ከለሰለሰ ልጅቷ ምን ትላለች? «እማዬ ተሽሏታል» አትልም? ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ልጁን ማብላት ያቃተውን አባት በባዶ ሆዱ የሚመክር አንደበት አልተሰጠኝም።

«እንዴት እንደምትሠራው አሳየኝ» አልኩት።

እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። የፕላስቲክ ሳፋ አቀረበና ከዱቄቱ ከረጢት ሁለት እፍኝ ዘገነ። እፍኝ ይባላል እንጂ ከረጢቱ ጎድሎ ታየ። ጨው ጣል፣ ቤኪንግ ፓውደር ቆንጠር አደረገበት። መሃሉን እንደ አሸዋ ክምር ጎድጎድ አድርጎ አንድ ኩባያ እርጎ አፈሰሰበት። እርጎው ወዴት እንደገባ ጠፋ። «ይደርቃል» አለና ውሃ ጨመረ። ከዚያ በሁለት እጁ ገባበት፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ተነቀለ ልበል፣ ሰሃኖቹ ተንጫጩ። ላቡ እስኪወርድ አሸው። መጨረሻ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለበሰውና በእጁ ውሃ ረጨበት።

«ይኸው። ሚጢ እስክትመጣ ያርፋል። በየመሃሉ ውሃ አጠጣዋለሁ።»

«ምን ታደርገዋለህ?»

«አጠጣዋለሁ። አሳርፈው ብላኛለች። ኮንክሪትም እኮ ውሃ ካላጠጣኸው ይሰነጠቃል።»

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ሳቅ አመለጠኝ። እሱም አየኝ አየኝና ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«አሠራሩን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«እሷው ናታ። አልጋ ላይ ሆና። ‹ልጄ እንዳይቀርባት› ብላ። ሁለት እፍኝ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ እርጎ...»

«በማን እፍኝ?»

«እ?»

«ሁለት እፍኝ ያለችህ በማን እፍኝ ነው?»

ዱቄት የለበሱ እጆቹን ወደ ላይ አድርጎ አያቸው። ሲያገላብጣቸው የሌላ ሰው እጅ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ በግራ ጣቱ ከጣቶቹ ሥር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አሰመረ።

«እዚህ ድረስ ነበር የምትደርሰው» አለ። «እጇን እጄ ላይ አስቀምጣ ትለካ ነበር። ‹አንተ ሰው ነህ ትሬንታ ኳትሮ?› ትለኝ ነበር።»

ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነው፤ ሚስቲቱ ቀልድ ታውቅ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት መሳቅ አልቻልኩም።

ያን ሊጥ ከሳፋው አውጥተን እንደገና ጀመርን። በዓይኑ ለክቶ የሚውል ሰው ነውና ያሰመረባት ቦታ ድረስ ብቻ፣ ጣቶቹን ሰብስቦ፣ ሁለት ጊዜ ዘገነ። ዱቄቱ ሳፋው ውስጥ ሲታይ አነሰ። «ይበቃል?» አለኝ፤ «እሷን ጠይቃት» ልለው ምንም አልቀረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። እርጎው ገባ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጠብታ ዘይት። በማንኪያ ማማሰል ሲያቅተው በእጁ ሰበሰበው። እንደተያያዘ አየሁና ያን የድሮውን ነገርኩት፤ ሊጡ ከተያያዘ በቃው ማለቷን፣ ብዙ ከነካኩት እንደሚኮሳተር።

እጁን ቶሎ አነሳ። «አንተ እዚያ ነበርክ?»

«ጭንቅላቴ ኦቭን ውስጥ ነበር። ስለ ማሳረፍም ብላ ነበር፤ ‹ሰሃን› የሚለው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ሰሃን አጥበህ እስክትጨርስ!» አለ ወዲያው። «አዎ! ሰሃን ታሳጥበኝ ነበር። ሊጡ ያርፋል እንጂ እኔ መች አርፌ አውቃለሁ!»

በደረቅ ጨርቅ ሸፈንነውና ወደ ገንዳው ዞርን። እሱ አጠበ፤ እኔ አደረቅኩ። የሚስቱ ታላቅ እህት የደወለችው በዚህ መሃል ነው። እጁ አረፋ ስለሆነ ስልኩን እኔ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ድምጿ ማድ ቤቱን ሞላው።

«ዛሬ ዓርብ ነው። ከትምህርት ቤት ይዣት እመጣለሁ። ዛሬ ትነግራታለህ?»

«ዛሬ አይሆንም እትዬ። ዛሬ ትንሽ ደስ ይበላት።»

«እኔ መዋሸት ደከመኝ። ባለፈው ምን ሰጠችኝ መሰለህ? ካልሲ። ‹ለእማዬ ስጪልኝ፤ እግሯን እንዳይበርዳት› ብላ የራሷን ካልሲ። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ወዴት ላድርሰው? ንገረኛ! ወዴት ላድርሰው?»

እሱ አንድ ብርጭቆ ደጋግሞ ያጥባል፤ ጠርቷል፣ አሁንም ያጥበዋል።

«ሰኞ» አለ። «ሰኞ እነግራታለሁ።»

«የስንት ሳምንት ሰኞ!» አለችና ዘጋችው።

ሰሃኑ አለቀ። ጨርቁን ስናነሳው ሊጡ ትንሽ ተነፍቷል፤ ጣቱን ቢሰድበት ገባለት፤ ሲያወጣው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሞላ። እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። ቆራረጠው፤ አድቦለቦለው፤ በመዳመጫ አንዱን ከአንዱ ሳያበላልጥ ዳመጠው። በገሚሱ ላይ ሳልሳና ቺዝ አደረግን። ገሚሱን ሞልቶ አጠፈና ዳር ዳሩን በሹካ ተጭኖ ዘጋው፤ እንዲያ የተስተካከለ ጠርዝ በሕይወቴ አላየሁም፤ ግንብ ነው። ትሪውን ኦቭኑ ውስጥ አስገባንና ሁለታችንም በመስታወቱ እያየን ቆምን። የሚያብጠው ያብጣል፤ የሚቀላው ይቀላል። ሽታው መጀመሪያ ማድ ቤቱን፣ ከዚያ ኮሪደሩን ያዘ። ሙቀት ስለበዛብን የውጭውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አንዱን ቆርሰን ለሁለት ተካፈልነው። ልስልስ ያለ ነው። እሱ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ። ከዋጠው በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይኸው እኮ ነው» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ልክ ይኸው ነው።»

ትሪው ገና ጠረጴዛው ላይ እንፋሎቱን ሲያወጣ ከደረጃው ሥር የልጅ ሩጫ ተሰማ። ኮቴው ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ይወጣል። ከኋላ የአክስቷ ድምፅ «ሚጢ! ትወድቂያለሽ፣ ቀስ!» ይላል። ከዚያ ያን ጩኸት ሰማሁ።

«እማዬ መጣች! አክስቴ፣ እማዬ መጥታለች! ይሸታል!»

ቦርሳዋን ደፍ ላይ ጥላ ገባች። አባቷንና እኔን እንደ ወንበር አልፋን ሄደች። መኝታ ቤት ገባች። የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ተሰማ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተሰማ፤ መጋረጃ ተሳበ። ትስቃለች። እናቷ እየተጫወተችባት መስሏት ትስቃለች።

«የት ተደበቅሽ? አየሁሽ እኮ!»

አላየቻትም። ተመልሳ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ጉንጯ ቀልቷል፤ ትሪውን አየች፤ ፊቷ ይበልጥ በራ።

«አባዬ፣ የት ነው የደበቅካት?»

አባቷ እጁን ዘረጋላት።

«በረንዳ! በረንዳ ላይ ናት!» አለችና ሮጠች።

አክስቷ በዚያች ቅጽበት እያለከለከች ገባች። ትሪውን አየች፤ የቱምቢን እጅ አየች፤ ሽታውንም ያኔ ልብ ያለችው መሰለኝ፤ ግድግዳውን ደገፍ አለች። ቁጣዋ ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ምን አደረግክ አንተ ሰው» አለች ቀስ ብላ። «የእህቴን ቤት ሸተተኝ።»

ከበረንዳው የዕቃ መገላበጥ ይሰማል። ልጅቷ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሳይቀር ሥሩን እያየች ነው። እኔ ኦቭኑን አጠፋሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ጌታዬ ሆይ፣ ለዚህ ሰው አንድ ቃል ስጠው አልኩ፤ እኔ የምሰጠው የለኝም።

«እትዬ» አለ ቱምቢ። «ከዚህ በላይ አልችልም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ንገራት ንገራት ስትል የኖረችው ሴት አሁን እጁን ያዘችው። «ቆይ። ትብላ መጀመሪያ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ነው የምትበላው። ትጥገብና፣ ማታ...»

«አይሆንም።»

«ርቧታል እኮ!»

«ርቧታል፤ አውቃለሁ። ግን ‹የእማዬ ነው› ብላ አንድ ቁራሽ አትበላም። ይህን በልታ ከነገርኳት ሁለተኛ እጄን አታምነውም። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በእኔ እጅ እንደተሠራ አውቃ ትብላው ወይ ትተወው።»

አክስቷ ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ምን ብለህ ነው የምትነግራት? ‹ሩቅ ሄዳለች› እንዳትላት። ‹ተኝታለች› እንዳትላት። ይህቺ ልጅ ትጠብቃለች፤ አየሃት አይደል?»

«አየኋት።»

«ቃል ግባልኝ። ‹ሞታለች› በላት። ከባድ ነው፤ ግን እሱን በላት።»

ከበረንዳው «አባዬ! እዚህም የለችም!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ሳቁ አሁን ቀነስ ብሏል።

ቱምቢ ትሪውን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋው፤ ማንም እንዳይደርስበት። እጁ ላይ የቀረውን ዱቄት በሱሪው ጠረገ።

«እሺ እትዬ» አለ። «‹ሞታለች› እላታለሁ። አሁን፣ ሳትቀምሰው። አንቺም አጠገባችን ተቀመጪ፤ ቃሉን ግን እኔ ነኝ የማወጣው።»